ነርሷና ሐኪሙ የጤና መረጃን እንዴት ይማሩ? ከመዝገቡ ረድፍ እስከ ዲኤችአይኤስ2

አንድ ጤና ጣቢያ በወሩ ሪፖርት 85 ሕጻናት ፔንታ 1 (አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው ክትባት የመጀመሪያ ዙር)፣ 97 ሕጻናት ደግሞ ፔንታ 3 ወስደዋል ብሎ ላከ እንበል። ፔንታ 1 የሚሰጠው በ6ኛው፣ ፔንታ 2 በ10ኛው፣ ፔንታ 3 በ14ኛው ሳምንት ነው። ጀምረው ያቋረጡትን ለማወቅ ከፔንታ 1 ላይ ፔንታ 3 ይቀነስና ለፔንታ 1 ተካፍሎ በ100 ይባዛል። እዚህ የሚወጣው መልስ ከዜሮ በታች 14 በመቶ ነው። ያልጀመረ ሊጨርስ አይችልምና ሪፖርቱ ስሕተት ነው ለማለት ግን አይቸኮልም። በዚህ ወር ሦስተኛውን የወሰዱት ከሁለት ወር በፊት የጀመሩት ሕጻናት ናቸው። ያኔ በዘመቻ ብዙዎች ጀምረው ከነበረ ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል። የሩብ ዓመቱና የግማሽ ዓመቱ ድምርም እንዲሁ ከዜሮ በታች ከሆነ ግን በርግጥ መጣራት ያለበት ነገር አለ።

ይህ ሲሆን ሁሉም ፊቱን የሚያዞረው ወደ ጤና መረጃ ባለሙያው (ወደ ኤችአይቲው) ነው። እሱ ግን ኮምፒውተር ላይ ያስገባው የደረሰውን ድምር ብቻ ነው። የአንዱ ሕጻን ፔንታ 2 በታሊው (በየዕለቱ መቁጠሪያ ቅጹ) ላይ በፔንታ 3 መስመር ምልክት ተደርጎበት ይሆናል። ጤና ኬላ ላይ የጀመሩት ሕጻናት ጤና ጣቢያ መጥተው ጨርሰው ይሆናል። ወይም ከጣቢያው ውጭ የተከተቡት በተለየ ታሊ ተቆጥረው፣ ወደ መዝገብ ሲገለበጡ እንደገና ተቆጥረው ይሆናል። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ የምታውቀው ክትባት ክፍል የምትሠራው ነርስ ናት። የጤና መረጃ ሥልጠና ከሁሉ በፊት ለእሷ፣ ለአዋላጇ፣ ለጤና መኮንኑና ለሐኪሙ መሰጠት አለበት የምንለው በዚህ ምክንያት ነው። በአብዛኛው የሚጠሩት የጣቢያው ኃላፊና ኤችአይቲው ናቸው፤ መዝገቡን በየቀኑ የሚሞላው ሰው ሥራ ላይ ይቀራል።

መረጃው የሚሄድበት መንገድ

ሠልጣኙ መጀመሪያ ሊገባው የሚገባው የሦስት ሥርዓቶች ልዩነት ነው። ዲኤችአይኤስ2 ድምር የሚቀበል ሥርዓት ነው። ሥሩ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተተክሎ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ያሳደገው ሲሆን፣ አገራችን በራሷ የዘመን አቆጣጠር አስተካክላ ትጠቀምበታለች። እንደ አገራችን አሠራር ወርኃዊው ሪፖርት ሲላክ የታካሚ ስም እዚያ አይገባም፤ «ከአምስት ዓመት በታች፣ ወንድ፣ የሳንባ ምች፣ 14» ብቻ ነው። የኤሌክትሮኒክ ሕክምና ካርድ (ኢኤምአር) ግን የአንዱን ሰው ታሪክ ከነምርመራውና ከነመድኃኒቱ ይይዛል። በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እጅ ያለው ኢ-ሲኤችአይኤስ ደግሞ ቤተሰብን መሠረት ያደረገ የታብሌት ሥርዓት ነው፤ የፋሚሊ ፎልደሩን (የየቤተሰቡን የወረቀት መዝገብ) ሥራ ይሠራል።

ይህ ልዩነት ያልገባው ባለሙያ የአንዲት እናትን ስሕተት ዲኤችአይኤስ2 ላይ ለማረም ሲሞክር ይታያል። ድምሩ ላይ አንድ መቀነስ ይቻላል፤ ካርዷና መዝገቡ ግን እንደተሳሳቱ ይቆያሉ። እርማት ሁልጊዜ ከምንጩ ይጀምራል፦ ካርዱ፣ ከዚያ መዝገቡ፣ ከዚያ ታሊው፣ በመጨረሻ ሪፖርቱ።

በ2008 የጀመረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ «የመረጃ አብዮት»ን ከአራቱ ዋና የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ ሲያደርገው ሁለት ነገር ጠይቆ ነበር፦ ቴክኖሎጂውን ማስገባት፣ መረጃን የመጠቀም ባህልን መለወጥ። ኮምፒውተር ማስገባቱ ከባህሉ ይልቅ ቀላል ነው። ባህሉን የሚለውጠው የመዝገቡ ባለቤት ነው።

የመጀመሪያው ትምህርት፦ አንድ ረድፍ

ሥልጠናውን በኮምፒውተር መጀመር አንመክርም። ሠልጣኟ የራሷን ክፍል መዝገብ ይዛ ትምጣ፤ ያለፈው ወር 20 ረድፎች ይነበቡ። ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ስላይድ የለም።

መጀመሪያ የሚታየው ባዶ ሳጥን ነው። ባዶ ሳጥን ሦስት ትርጉም ይኖረዋል፦ አልተጠየቀችም፣ ተጠይቃ የለም ብላለች፣ ተሠርቶ ሳይጻፍ ቀርቷል። ለሚቀጥለው ባለሙያ ሦስቱ ፈጽሞ አንድ አይደሉም። የኤችአይቪ ምርመራ ሳጥኗ ባዶ የሆነ ነፍሰ ጡር ለወሊድ ስትመጣ አዋላጇ ምን ታድርግ? እዚህ ላይ እንዳይደረስ መዝገቡ በመመሪያው ያስቀመጠው ምልክት ካለ እሱን መጠቀም ነው፤ ከሌለ የክፍሉ ሠራተኞች ተስማምተው ለ«አልተሠራም» አንድ ምልክት ይወስኑና በመዝገቡ የውስጥ ሽፋን ላይ ይጻፉት።

ቀጥሎ ዕድሜ ነው። ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕጻን ዕድሜ በወር ካልተጻፈ «8» የሚለው ቁጥር 8 ወር ይሁን 8 ዓመት አይለይም። የአዋቂዎች ዕድሜ በ0 እና በ5 በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ ከተከመረ (30፣ 35፣ 40) በግምት የተጻፈ ነው። ሪፖርቱ በዕድሜ ክልል ስለሚከፈል 14 ዓመት ከ10 ወር የሆነውን ልጅ «15» ብሎ መጻፍ ከአንዱ ሣጥን አውጥቶ ሌላው ውስጥ ያስገባዋል።

ምርመራ የሚጻፍበት ዓምድ ብዙ ሰዓት ሊሰጠው ይገባል፤ ከባዱ ስሕተት ያለው እዚያ ነው። «ወባ ይሆን?» ተብሎ ለላቦራቶሪ የተላከ ታካሚ ውጤቱ ኔጌቲቭ ሆኖ ሳለ በመዝገቡ «ወባ» እንደተባለ ይቀራል፤ ውጤቱ ሲመለስ ረድፉን ተመልሶ ያስተካከለ የለም። በወሩ መጨረሻ የጣቢያው የወባ ቁጥር ላቦራቶሪው ካገኘው ይበልጣል፤ የመድኃኒት ጥያቄውም እንዲሁ ይዛባል። ሌላው ልማድ ምልክትን እንደ በሽታ መጻፍ ነው፦ «ትኩሳት»፣ «ሆድ ቁርጠት»። የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ (አይሲዲ-11) እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን፣ በሽታው ያልታወቀ ሲሆን ለምልክት ራሱን የቻለ ኮድ አለው። ስለዚህ ምልክት መጻፍ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ምርመራው ከታወቀ በኋላም ምልክቱን ትቶ መሄድ ነው። ለልምምድ የሚሆነን ዘዴ ይህ ነው፦ ከመዝገቡ 10 ምርመራዎችን እንዳሉ ገልብጦ ለሁለት ሠልጣኞች ለየብቻ መስጠትና ኮድ እንዲያወጡላቸው ማድረግ። ኮዳቸው የሚለያይባቸው ምርመራዎች ሐኪሙ በደንብ ያልጻፋቸው ናቸው።

ቀንና ሰዓት፦ የእኛው ልዩ ጣጣ

ውጭ አገር የተዘጋጁ የሥልጠና ሰነዶች ይህን አይነኩትም፤ እኛ ዘንድ ግን ብዙ ስሕተት የሚመጣው ከዚህ ነው።

የኤችኤምአይኤስ (የጤና አስተዳደር መረጃ ሥርዓቱ) ወር ከባለፈው ወር 21 እስከ ያዝነው ወር 20 ነው፤ ጤና ጣቢያው ሪፖርቱን እስከ 26 ያደርሳል። በዚህ አቆጣጠር የመስከረም ሪፖርት ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ያለውን ስለሚይዝ ጳጉሜን በውስጡ አለች፤ 35 ቀን፣ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ 36 ቀን ነው። መስከረም ላይ የተመላላሽ ታካሚ ቁጥር «ጨመረ» ተብሎ የሚጻፈው ማብራሪያ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አምስት ወይም ስድስት ቀናት አያልፍም። ድምሩን ለቀናቱ ማካፈልና በቀን ስንት እንደመጣ ማወዳደር ይበቃል። የወረርሽኝ ክትትል ሳምንታዊ ሪፖርት ደግሞ ከሰኞ እስከ እሑድ ነው። የአራት ሳምንት ወባ ተደምሮ ከወሩ ወባ ጋር አልገጠመም ብሎ መጨቃጨቅ ትርፉ ድካም ነው፤ የሚሸፍኗቸው ቀናት አንድ አይደሉም።

የመውለጃ ቀን ስሌት ሌላው ነው። እርግዝና ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን 280 ቀን ተብሎ ይሰላል። በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ 9 ወር ከ10 ቀን መደመር ነው፤ ጥቅምት 5 ቀን 2017 የነበረው ሐምሌ 15 ላይ ይውላል። ጳጉሜን መሐል ላይ ከገባች 10 መሆኑ ቀርቶ 5 ቀን ይደመራል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች 4 ቀን። ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 የነበረው መስከረም 17 ቀን 2018 ይሆናል። አዋላጆች ይህን በቃላቸው ያውቁታል። ችግሩ ኮምፒውተሩ ነው። የቀን ሣጥኑ በፈረንጅ አቆጣጠር የተዘጋጀ ሆኖ «12/4/2017» ብለው ቢያስገቡ ማሽኑ ያለ ቅሬታ ይቀበላል፤ የእርግዝናውን ሳምንት ግን ከስምንት ዓመት ያህል በፊት ጀምሮ ይቆጥራል። ስለዚህ በሥልጠናው ውስጥ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ሦስት ቀኖችን ከእጁ ስሌት ጋር ያስተያይ፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ አንድ (የ7 ዓመት ልዩነት)፣ ከዚያ በኋላ አንድ (የ8 ዓመት ልዩነት)፣ ጳጉሜን የምታልፍ አንድ። ሥርዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሚቀበል ሳያረጋግጡ የእውነተኛ ታካሚ ቀን ማስገባት አይገባም።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። ወረቀቱ ላይ «2፡00» የተባለው የጠዋት መድኃኒት ማሽኑ ላይ 08፡00 ነው። በየ8 ሰዓቱ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ በወረቀት 2፣ 10፣ 6 ሲባል በማሽን 08፣ 16፣ 24 ይሆናል። በማሽኑ ቀን የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የተወለደን ሕጻን ወረቀቱ ላይ በማክሰኞ፣ ማሽኑ ላይ በረቡዕ ማየት የተለመደ ነው። በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የሞተ ሕጻን ሲመዘገብ ይህ ልዩነት ከአንዱ አመልካች ወደ ሌላው ያዛውረዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ክፍሉ በአንድ የሰዓት አቆጣጠር ይወስን፣ የግድግዳ ሰዓቱ ሥር የመለወጫ ሠንጠረዥ ይለጠፍ።

በኢኤምአር ላይ የሚሠሩት

በወረቀት ላይ የተሳሳተ ፊደል የሚያነበው ሰው ይረዳዋል። ኮምፒውተር አይረዳም። «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ለእሱ ሁለት ሰው ናቸው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ሙሐመድን በአምስትና በስድስት ዓይነት የሚጽፍ አለ። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ፈልጋ ስታጣ አዲስ ካርድ ታወጣለች፤ ታካሚው ሁለት የካርድ ቁጥር ይኖረዋል፤ የፔኒሲሊን አለርጂው በአንደኛው ካርድ ላይ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ በካርድ ቁጥር፣ ቀጥሎ በስልክ ቁጥር፣ ከዚያ በስሙ የመጀመሪያ ሦስት ፊደላትና በዕድሜ መፈለግን መለማመድ አለባቸው፤ «አዲስ ታካሚ» የሚለው ቁልፍ የመጨረሻው ነው።

በምርመራ ክፍል አደጋው የተሳሳተ ታካሚ መክፈት ነው። ሁለት መስኮት ከፍቶ መሥራት፣ የወጣውን ታካሚ ገጽ ሳይዘጉ ለገባው ማዘዝ። ከማዘዝ በፊት ሙሉ ስሙን ከነአያቱ ታካሚው ራሱ እንዲናገር ማድረግና ከካርድ ቁጥሩ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል፤ «አቶ ከበደ ነዎት?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ተራ ሲጠብቅ የቆየ ሰው ለሌላ ስምም «አዎ» ይላል።

መለኪያ ላይ፣ የልደት ክብደት ሣጥኑ ግራም ሲጠብቅ «3.2» መጻፍ ወይም ኪሎ ሲጠብቅ «3200» መጻፍ የተለመደ ነው፤ ጥሩ ሥርዓት ይከለክላል፣ ሁሉም ግን ጥሩ አይደለም። ያለፈውን ቀን ማስታወሻ ገልብጦ መለጠፍም እንዲሁ ጎጂ ነው። ትናንት የነበረ ትኩሳት ዛሬም፣ ከነገ ወዲያም «አለ» ይባላል።

መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ያላስተማረ ሥልጠና ሥልጠና አይደለም። ቅጹ አስቀድሞ ታትሞ በየክፍሉ መሳቢያ ይቀመጥ፤ ማን መልሶ እንደሚያስገባና እስከ መቼ እንደሚያስገባ በስም ይወሰን፤ መልሶ ሲገባ የሚጻፈው አገልግሎቱ የተሰጠበት ቀን እንጂ የገባበት ቀን እንዳይሆን ይጠንቀቁ። የሦስት ቀን ታካሚ በአንድ ቀን ተከምሮ ሲታይ ምክንያቱ ይህ ነው።

ራስን መፈተሽ

ሪፖርቱ ከመላኩ በፊት የሚደረገው ፍተሻ ኤልኪውኤኤስ ይባላል፤ አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ከወሩ ሪፖርት ከተለያዩ ክፍሎች 12 የመረጃ ዓይነቶች በዕጣ ይወጣሉ። የእያንዳንዱ መዝገብ ተከፍቶ ከ21 እስከ 20 ያለው እንደገና ይቆጠራል። ሪፖርቱ ያለውና ቆጠራው ያለው ጎን ለጎን ይጻፋሉ፤ ገጠመ ወይም አልገጠመም ይባላል። ከ12ቱ 11 ከገጠመ 95 በመቶ፣ 10 ከገጠመ 90 በመቶ፣ 8 ከገጠመ 80 በመቶ ደረጃ ላይ ነው ተብሎ ከፍተሻው ከራሱ ሠንጠረዥ ይነበባል። ቆጣሪው የዚያ ክፍል ሠራተኛ አይሁን፤ ክትባቱን አዋላጇ፣ ወሊዱን የተመላላሽ ነርሱ ይቁጠሩ።

መጠኑን ለማወቅ ደግሞ ከመዝገብ የተቆጠረውን ሪፖርት ለተደረገው ማካፈል ነው። 120 ወሊድ ተልኮ መዝገቡ 96 ካለው 0.80 ነው፤ ከመጠን በላይ ተልኳል። መዝገቡ 130 ካለው 1.08 ነው፤ ከ0.90 እስከ 1.10 ባለው ውስጥ ስለሆነ ይታለፋል።

ይህን ሁሉ ከመማር ጋር ገደቡም መነገር አለበት። ኤልኪውኤኤስ የሚያወዳድረው መዝገብን ከሪፖርት ጋር ነው፤ መዝገቡ ራሱ ሐሰት ከሆነ 12 ከ12 ይመጣል። ስለዚህ ከካርድ ክፍል በዚያ ወር የተስተናገዱ 10 ፎልደሮችን አውጥቶ በመዝገቡ ውስጥ መፈለግ፣ ቀጥሎም 10 የመዝገብ ረድፎችን ይዞ ፎልደራቸውን መፈለግ ይጨመርበት። በመዝገብ ያለ በፎልደር የሌለ የደም ግፊት ልኬት ብዙ ይናገራል።

መቶኛውን ማንበብ

ሽፋን 118 በመቶ ሲሆን ብዙ ባለሙያ ወይ ይደሰታል ወይ ያፍራል። አካፋዩ (አገልግሎቱን ማግኘት የሚገባቸው ሰዎች ቁጥር) ከየት እንደመጣ ይታይ፦ የመጨረሻው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ትንበያ ነው። አዲስ ሠፈር የተቆረቆረበት፣ ተፈናቃይ የገባበት ወይም ከአጎራባች ወረዳ ታካሚ የሚመጣበት ጣቢያ ከ100 ሊያልፍ ይችላል። ሠልጣኙ ከመቶኛው በፊት ድምሩን በየወሩ እየደመረ በግድግዳ ሰንጠረዥ ላይ ይሣል፤ የፔንታ 1 እና የፔንታ 3 መስመሮች መሐል ያለው ክፍተት አካፋይ አይፈልግም፣ ያቋረጡትን ሕጻናት በቁጥር ያሳያል። በዚያ ቁጥር መሠረት መዝገቡ ይገለጥና ስማቸው ይወጣል፤ ዝርዝሩ ለጤና ኤክስቴንሽኗ ይሰጣል። ለነርሷ መረጃ ሥራዋ እንደሆነ የሚሰማት እዚህ ላይ ነው።

ሥልጠናው እንዴት ይሰጥ

ሠልጣኙን ከሥራው ነቅሎ ለአምስት ቀን ሆቴል ማስቀመጥ ውጤቱ ደካማ ነው። የሚማሩት በሌላ ሰው መዝገብ ነው፤ ሲመለሱ ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ወይም ይለፍ ቃሉ ሳይሰጣቸው ወራት ያልፋሉ። እኛ የምንመክረው በጣቢያው ውስጥ፣ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት፣ ለስድስት ሳምንት ነው። ከ8 እስከ 12 ሰው፤ ለሁለት ሰው አንድ ኮምፒውተር፤ ማውዙ በየ15 ደቂቃው እጅ ይቀይር፤ አለበለዚያ ፈጣኑ ይሠራል፣ ሌላው ያያል። ልምምዱ በተፈጠሩ ታካሚዎች በተሞላ የመለማመጃ ሥርዓት ላይ ይሁን። በእውነተኛው ላይ «ሙከራ ሙከራ» የሚባል ታካሚ አስገብቶ መርሳት በሪፖርት ላይ ይቆጠራል።

ከስድስቱ ሳምንታት ሁለቱን ለመዝገብና ለምርመራ አጻጻፍ፣ ሁለቱን ለኢኤምአር፣ አንዱን ለፍተሻ ማዋል ይቻላል። የመጨረሻው በጣቢያው የአፈጻጸም ክትትል ቡድን (ፒኤምቲ) ስብሰባ ላይ ይደረግ፦ አንድ ችግር፣ ከ«ለምን?» ተነሥቶ የተደረሰበት ምክንያት፣ አንድ እርምጃ፣ የሚሠራው ሰው ስም፣ ቀን። በቃለ ጉባኤው «ግንዛቤ ማስጨበጥ» የሚል እርምጃ ከተጻፈ ያ እርምጃ አይደለም፤ ይመለስ።

ክትትል ከሌለ ሁሉም ይረሳል። የጎንደር፣ የጅማ፣ የሐረማያ፣ የሐዋሳ፣ የመቐለና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ከጤና ሚኒስቴር ጋር ተጣምረው የአቅም ግንባታና ሜንተርሺፕ ሥራ ሠርተዋል፤ ሜንተር ሲመጣ ግን ቼክሊስት ሞልቶ ከሚሄድ አንድ መዝገብ ከነርሷ ጋር ቁጭ ብሎ ቢያነብ ይበልጣል። ስሕተት ያገኘ ሠራተኛ የሚወቀስ ከሆነ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ስሕተት አይገኝም፤ ቁጥሩ እንዲገጥም ሆኖ ይመጣል። ሱፐርቫይዘሮች ይህን ቢያውቁ ትልቅ ነገር ነው።

ምሥጢር ጉዳይ ላይ አጭር ነገር ግን ጥብቅ መሆን ይሻላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት ይመድባል። ይለፍ ቃል አይዋስም፤ በነርሷ ስም የታዘዘ መድኃኒት ተጠያቂዋ እሷ ናት። ከወንበር ሲነሡ ስክሪኑ ይቆለፍ። ምክር ለመጠየቅ የታካሚን ካርድ ወይም ኤክስሬይ ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ግሩፕ መላክ በጣም ተለምዷል፤ የግድ ከሆነ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ፊትና ቀበሌ አይታዩ፣ ፎቶውም ከስልኩ ይጥፋ።

በመጨረሻም የዝውውር ጉዳይ አለ። ነርሶች ከክፍል ክፍል ይቀያየራሉ፤ የሠለጠነችው ክትባት ክፍልን ለቅቃ ድንገተኛ ትገባለች፣ ክትባቱን ያልሠለጠነ ይረከባል። ርክክቡ የሁለት ቀን ይሁን፦ በመጀመሪያው ቀን አዲሱ እያየ የቀድሞዋ ትሞላለች፣ በሁለተኛው እሱ ይሞላል፣ እሷ ታርማለች። የርክክብ ቅጹ ላይ ከማቀዝቀዣውና ከክትባቱ ብልቃጥ ቁጥር ቀጥሎ የመዝገቡ የመጨረሻ ገጽ፣ ያልተዘጉ ረድፎች ብዛትና በወሩ እስከዚያ ቀን ያለው የታሊ ድምር ይጻፍ፤ ሁለቱም ይፈርሙ።